ከ88ቱ አምስቱ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ የምሠራው ላብራቶሪ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጉልበታቸው ላይ ቢጫ ክላሰር አስቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው እትዬ ከጎናቸው ተቀምጠው ጥሬ ቡና በሰፌድ ይለቅማሉ። የተባባልነውን እዚህ የምጽፈው እንዲህ ያለ ክላሰር በብዙ ሰው ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ጋሼ፦ እንኳን መጣሽ ልጄ። ታይፎይዴ ተነሣብኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራተኛዬ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደግሞ ታይፈስም አብሮ ተገኝቶብኛል። የሰሞኑ ወረቀት ከላይ ያለው ነው።

እኔ፦ አሁን ያተኩስዎታል?

ጋሼ፦ ትናንት ማታ አተኩሶኝ፣ ራሴንም ይዞኝ ነበር። ዛሬ ቀለል ብሎኛል። ሲፕሮ ለአሥር ቀን አዘውልኛል፤ ግን አንቺ ሳታዪው አልጀምርም ብዬ አስቀመጥኩት።

እኔ፦ እስቲ ልየው። «ዊዳል ኦ፣ 1 ለ160፤ ኤች፣ 1 ለ80፤ ዌይል ፌሊክስ፣ 1 ለ160» ይላል። ከሥሩ በትልቁ «ታይፎይድ ፖዘቲቭ፣ ታይፈስ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፏል።

ጋሼ፦ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይህ ምርመራ ምን ያህል ልክ ነው? ከመቶ ስንት?

እኔ፦ ከመቶ ስንት ለማለት መጀመሪያ የምን መቶ እንደሆነ እንስማማ። በእርግጥ ታይፎይድ ከያዛቸው መቶ ሰዎች ስንቱን ያገኛል? ይህ አንድ ቁጥር ነው። ታይፎይድ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ስንቱን «የለብህም» ብሎ ያሰናብታል? ይህ ሌላ ቁጥር ነው። እርስዎ የሚጠይቁት ደግሞ ሦስተኛውን ነው፤ እንደ እርስዎ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ከያዙ መቶ ሰዎች ስንቱ በእርግጥ ታይፎይድ አለበት?

ጋሼ፦ ሦስተኛው ከሁለቱ ይወጣላ።

እኔ፦ ከሁለቱ ብቻ አይወጣም። አንድ ቁጥር ይጎድላል፤ እሱ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የለም።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ደሜን ወስዳችሁ ምን እንደምታደርጉት ንገሪኝ። አራት ጊዜ ስቀዳ አንድ ጊዜም ያስረዳኝ ሰው የለም።

እኔ፦ ደሙ እስኪረጋ ይቀመጣል፤ ከዚያ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ ከላይ ቢጫ ውኃ ይቀራል፤ ሴረም ይባላል። ከሴረሙ ጠብታ ነጭ ስላይድ ላይ እናደርጋለን። አጠገቡ ከትንሽ ጠርሙስ አንድ ጠብታ አንቲጂን እንጨምራለን፤ ይህ የሞተ የታይፎይድ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ኦ እና ኤች ሁለት ዓይነት አንቲጂኖች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የኦው ሰማያዊ፣ የኤቹ ቀይ ቀለም የገባበት ነው። በእንጨት ስንጥር እናዋሕዳቸውና ስላይዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል በእጃችን እናወዛውዛለን። ሴረምዎ ውስጥ ያንን ባክቴሪያ የሚይዝ ጸረ አካል ካለ፣ ፈሳሹ ሊበጠስ እንደጀመረ ወተት ብትን ብትን ይላል። ከሌለ እንዳለ ለስልሶ ይቀራል።

ጋሼ፦ 1 ለ160 የሚለውስ?

እኔ፦ የጠብታው መጠን ነው። በጣም ትንሽ ሴረም፣ አሥር ማይክሮ ሊትር፣ ዓይን የማይሞላ ጠብታ ተደርጎም ከተበተነ 1 ለ160 ተባለ ማለት ነው። ሴረሙ እየቀነሰ ሲሄድ ቁጥሩ ያድጋል። የመጀመሪያው አሠራር በቱቦ ውስጥ እያቀጠኑ፣ አሳድረው የሚያነቡት ነበር፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፌርናንድ ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። የስላይዱ በደቂቃዎች ስለሚያልቅ ወረፋ ባለበት ቦታ ሁሉ እሱ ነው የሚሠራው። ሰልፉ ረዝሞ ባለሙያዋ ስላይዱን ከአንድ ደቂቃ በላይ ካቆየችው ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል፤ የደረቀውም የተበተነ ይመስላል። መብራቱ ደካማ ሲሆን ደግሞ ዓይን የጠበቀውን ያያል። ይህን የምነግርዎ ራሴ በዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ እሱ የእጅ ስሕተት ነው። በጥንቃቄ ቢሠራስ?

እኔ፦ በጥንቃቄ ቢሠራም የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነትዎ ከዚህ በፊት የገጠመውን ጠላት ለማስታወስ ያስቀረውን ጸረ አካል ነው። ከዓመታት በፊት ታይፎይድ ይዞዎት ሊሆን ይችላል። ከታይፎይዱ ባክቴሪያ ጋር የሚዛመድ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ ገጥሞዎት፣ ወይም ክትባት ወስደው ሊሆን ይችላል። ወባ የያዘው ሰው ሴረምም አንዳንዴ ይበተናል። የታይፈሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ዌይልና ፌሊክስ በ1916 እ.ኤ.አ. ሲያገኙት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የታይፈስ ተሕዋስ አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። ፕሮቴዎስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ከታይፈሱ ጋር በአጋጣሚ የሚመሳሰል ነገር ስላለው ነው የሚጠቀሙበት። ፕሮቴዎስ ራሱ የሽንት ቧንቧ የሚያሳምም የተለመደ ባክቴሪያ ነው።

ጋሼ፦ እንዲያ ከሆነ «ታይፈስ ፖዘቲቭ» ብሎ መጻፍ እንዴት ይቻላል?

እኔ፦ አልነበረበትም። አሁን ወደ ጎደለው ቁጥር እንመለስ። እዚሁ ኢትዮጵያ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አተኩሷቸው፣ ታይፎይድ የሚመስል ምልክት ይዘው ከመጡ 270 ሰዎች ደም ተወሰደ። ለእያንዳንዱ ዊዳል ተሠራ፤ የደም ካልቸርም ተሠራ።

ጋሼ፦ ካልቸሩ ምንድን ነው?

እኔ፦ ደሙን ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ባክቴሪያው እስኪያድግ ቀናት መጠበቅ ነው። ካደገ ያለ ጥርጥር አለ። ከ270ዎቹ በካልቸር ታይፎይድ የተገኘባቸው ሰባት ናቸው።

ጋሼ፦ ሰባት ብቻ?

እኔ፦ ሰባት። ሁሉም ያተኮሳቸው፣ ራሳቸውን ያመማቸው፣ ሐኪም የጠረጠራቸው ሰዎች ነበሩ። ዊዳል ከሰባቱ አምስቱን አገኘ፤ ሁለቱን ሳተ። የሌለባቸው 263 ናቸው፤ ከእነሱ 180ውን በትክክል «የለብህም» አለ። ቀሪውን እርስዎ ያስሉት።

ጋሼ፦ ሰማንያ ሦስቱን በስሕተት «አለብህ» ብሏላ። በመቶኛ ካሰብነው ከታመሙት ሰባ አንዱን ያገኛል፤ ካልታመሙት ስልሳ ስምንቱን ያሰናብታል። ይህን ብቻ ቢነግሩኝ «እንግዲህ ሰባ በመቶ ታይፎይድ አለብኝ» ብዬ ነበር የምሄደው። ነገር ግን ፖዘቲቭ የተባሉት አምስትና ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ ስምንት ናቸው። ከሰማንያ ስምንቱ አምስት!

እኔ፦ ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም።

ጋሼ፦ እትዬ፣ እስቲ ያንን ሰፌድ አቀብይኝ።

(እትዬ ሰፌዱን አቀበሏቸው። ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሰማንያ ሦስት የቡና ፍሬ አንድ በአንድ ቆጠሩ። እትዬ ከጓዳ አምስት ፍሬ ሽምብራ አመጡላቸው። ጋሼ ሽምብራውን ከቡናው ቀላቀሉት፣ በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ አነሡ። ቡና ነበር። መልሰው ቀላቀሉና ደገሙ፤ ቡና። ስምንት ጊዜ ደጋግመው ስምንቱንም ጊዜ ቡና አወጡ።)

ጋሼ፦ ይህማ የቤይስ ሕግ ነው፤ ልጄ፣ እኔ አስተምሬዋለሁ! ቤይስ የሚሉት እንግሊዛዊ ሰባኪ፣ ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1763 ነው የታተመው። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ግን ሁልጊዜ በከረጢት ውስጥ ባሉ ቀይና ጥቁር ኳሶች ነበር። የገዛ ደሜ ወረቀት ላይ እንዳለ አንድ ቀንም አልታየኝም።

እኔ፦ ለሐኪሞችም አይታያቸውም። በ1978 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ ስልሳ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ተጠየቁ። ከሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ፤ ምርመራው ከመቶ ጤነኛ አምስቱን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል፤ አንድ ሰው ፖዘቲቭ ቢባል በሽታው ያለበት ዕድል ስንት ነው? ትክክለኛው መልስ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። ያገኙት ከስልሳው አሥራ አንዱ ናቸው። ሃያ ሰባቱ «ዘጠና አምስት በመቶ» ነው ያሉት።

ጋሼ፦ ከሺው አንዱ የታመመ፣ ሃምሳው በስሕተት የተያዘ። ከሃምሳ አንዱ አንድ። ትክክል ነው።

እኔ፦ እርስዎ ቶሎ የደረሱበት ሰው ስለቆጠሩ ነው። ጌርድ ጊገረንዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ አሳይቷል። ለ160 የማሕፀን ሐኪሞች የጡት ካንሰር ምርመራን በመቶኛ አድርጎ ሲያቀርብላቸው በትክክል የመለሱት 21 በመቶ ነበሩ። መቶኛውን ትተው «ከሺህ ሴቶች ስንቷ» እያሉ እንዲቆጥሩ ካሠለጠናቸው በኋላ 87 በመቶው መለሱ። ልዩነቱን ያመጣው ሰፌዱ ነው።

ጋሼ፦ ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ። ዊዳልን የመዘናችሁት በካልቸር ነው። ካልቸሩ ራሱ ቢስትስ? ሰባት ያልናቸው አሥራ አራት ቢሆኑስ?

እኔ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ካልቸር በእርግጥ ይስታል። በደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ፣ ታይፎይድ ካለባቸው ሰዎች የሚያገኘው ግማሹን ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። መድኃኒት አስቀድሞ የተወሰደ ከሆነማ ጨርሶ ላያድግ ይችላል። እንግዲያው እንዳሉት በእጥፍ እናድርጋቸው፤ አሥራ አራት። ዊዳል ከእነዚህም ሰባ አንድ በመቶውን ይይዛል ብንል?

ጋሼ፦ አሥር። ፖዘቲቭ የተባሉት ያው ሰማንያ ስምንት ናቸው። ከሰማንያ ስምንቱ አሥር፤ ከዘጠኝ አንድ ማለት ነው።

እኔ፦ ለዊዳል የተቻለንን ሁሉ አድልተንለት፣ ወረቀቱን ይዘው ከሚወጡት ዘጠኝ ሰዎች ስምንቱ የሌለባቸውን በሽታ መድኃኒት ይውጣሉ።

ጋሼ፦ ኔጌቲቭ ሲልስ? ከ182ቱ ሁለት ብቻ ነው የሳተው። ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ልክ ነው። ቢያንስ «የለብህም» ሲል እንመነዋ።

እኔ፦ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸነገላል፤ መጽሔት ላይም «ኔጌቲቩ አስተማማኝ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ግን ደሙ ሳይቀዳ በፊት ያለውን ያስቡት።

ጋሼ፦ ሳይቀዳ... ከ270ው 263ቱ የለባቸውም። ዘጠና ሰባት ነጥብ አራት በመቶ። (ዝም አሉ።) እንግዲያስ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሁሉንም «የለባችሁም» ቢል ዘጠና ሰባት ጊዜ ልክ ነው! ያ ሁሉ መርፌና ጠርሙስ የጨመረው አንድ ነጥብ አምስት ብቻ ነው?

እኔ፦ አዎ፣ የጎደለው ቁጥር ይኸው ነው። ከምርመራው በፊት እንደ እርስዎ ካሉት ሰዎች ስንቱ ታይፎይድ አለበት? መልሱ የሚገኘው ከሰፈሩ፣ ከወቅቱ፣ ከሚጠጡት ውኃ፣ ሐኪሙ ሆድዎን ዳስሶ ካገኘው ነው። እስቲ ሌላ ያስሉልኝ። የአንድ ከተማ የመጠጥ ውኃ ተበክሎ ታይፎይድ ተነሥቷል እንበል። ካተኮሳቸው 270 ሰዎች ግማሹ በእርግጥ ታይፎይድ አለባቸው። ጠርሙሱም ስላይዱም ያው ነው።

ጋሼ፦ (ወረቀቱን ገልብጠው በስተጀርባው እየጻፉ) አንድ መቶ ሠላሳ አምስት የታመመ፤ ዘጠና ስድስቱን ይይዛል። ካልታመሙት አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ደግሞ አርባ ሦስቱን በስሕተት ይይዛል። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ዘጠና ስድስት። ስልሳ ዘጠኝ በመቶ! ያው ጠብታ እዚህ ስድስት፣ እዚያ ስልሳ ዘጠኝ።

እኔ፦ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ «ታይፎይድ ፖዘቲቭ»።

ጋሼ፦ ታዲያ ደግመን ብናስመረምርስ? አራት ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኛለሁ። አራት ጊዜ በስሕተት መውጣት በጣም ትንሽ ዕድል ነው።

እኔ፦ ስሕተቱ እንደ ሳንቲም በየጊዜው አዲስ የሚወረወር ቢሆን ልክ ነበሩ። ግን ያሳሳተው ደምዎ ውስጥ የተቀመጠው አሮጌ ጸረ አካል ከሆነ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ያው ጸረ አካል ያሳስታል። አራቱ ወረቀቶች አራት ምስክሮች አይደሉም፤ ያንኑ ቃል አራት ጊዜ የሰጠ አንድ ምስክር ነው። መደጋገም የሚጠቅመው ሁለተኛው ምርመራ በሌላ መንገድ የሚሳሳት ሲሆን ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ የተዘጋጀው በዚህ አስተሳሰብ ነው። አንደኛው ኪት ምላሽ ቢሰጥ ለሰውየው ወዲያው «አለብህ» አይባልም፤ በሌላ ዓይነት ኪት ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች ምላሽ ሳይሰጡ «አለብህ» እንዳይባል ይመክራል። እዚያ ላይ የምንጠነቀቀውን ያህል እዚህ አንጠነቀቅም።

ጋሼ፦ ዊዳልን ደግሞ መሥራት ጭራሽ ጥቅም የለውም ማለትሽ ነው?

እኔ፦ አንድ ጥቅም አለው፤ ጥንቱንም የታሰበው እንዲያ ነበር። ሲያምዎ አንድ ጊዜ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ቆይቶ እንደገና ይቀዳል። ቁጥሩ አራት እጥፍ ካደገ፣ ለምሳሌ ከ1 ለ40 ወደ 1 ለ160 ከሄደ፣ ሰውነትዎ አሁን እየተዋጋ ነው ማለት ነው። ግን ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለሁለተኛ ጊዜ ደም ሊሰጥ የሚመለስ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እንዲመለስ የሚነግረውም የለም።

ጋሼ፦ እዚህ ሌላ ወረቀት አለ። ነጭ የደም ሕዋስ 3.7 ይልና አጠገቡ ኤል የምትባለዋ ፊደል አለች፤ ዝቅተኛ ነው ማለታቸው ነው። ይህችን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ።

እኔ፦ «ከ4 እስከ 11» የሚለው ክልል እንዴት እንደሚወጣ ልንገርዎ። ጤነኛ ሰዎች ይለካሉ፤ ከላይና ከታች ጫፍ ያሉት አምስት በመቶ ተትተው መካከሉ ዘጠና አምስት በመቶ «ኖርማል» ይባላል። ስለዚህ ከመቶ ጤነኛ አምስቱ ምንም ሳይሆኑ ከክልሉ ውጪ ይወጣሉ። አንድ ላይ ሃያ ዓይነት ምርመራ ቢታዘዝልዎ፣ እያንዳንዱም ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ ሁሉም ኖርማል የመሆን ዕድሉ?

ጋሼ፦ ዜሮ ነጥብ ዘጠና አምስትን ሃያ ጊዜ ማባዛት ነው... ሠላሳ ስድስት በመቶ። ስለዚህ ጤነኛው ሰው ቢያንስ አንዷን ፊደል የማግኘት ዕድሉ ስልሳ አራት በመቶ ነው።

እኔ፦ ሌላም አለ። የተለኩት ጤነኞች እነማን ናቸው? ብዙው ክልል የመጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነው። የኛ ሰው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋሱ በተፈጥሮ አነስ የማለት ባሕርይ አለው፤ በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይህ ይታወቃል፤ በዘር የሚወረስ እንጂ በሽታ አይደለም። ሲዲ4 የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስም እንዲሁ ነው። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንድ ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህ በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእርስዎ 3.7 ካለፉት ዓመታት ወረቀቶችዎ ጋር ቢነጻጸር ይሻላል።

ጋሼ፦ (ክላሰሩን እየገለጡ) 3.9... 3.6... 3.8። አምስት ዓመት ያው ነው።

እኔ፦ እንግዲያው የእርስዎ ኖርማል እሱ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ግን ያሳዩት።

ጋሼ፦ አሁን የመጨረሻዋን ልጠይቅሽና ዝም እላለሁ። ያለፉትን ሦስት ጊዜ ሲፕሮውን ውጬ ተሽሎኛል። ይህን ምን ትዪዋለሽ?

እኔ፦ ትናንት ማታ አተኩሶዎት ነበር አሉኝ። ዛሬስ?

ጋሼ፦ ዛሬ... ተሽሎኛል።

እኔ፦ ሲፕሮውን ዋጡ እንዴ?

ጋሼ፦ (ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ) አልዋጥኩም።

እኔ፦ ትናንት ጀምረውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ «መድኃኒቱ ፍቱን ነው» ይሉኝ ነበር። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በባሰበት ቀን ነው። ከባሰው ቀን በኋላ ደግሞ አብዛኛው ትኩሳት በራሱ እየበረደ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሠርቷል ለማለት ያልዋጠ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። ጋሼ፣ ይህን ስናገር ድምፄ የሚለወጠው ስለ እማዬ ነው።

ጋሼ፦ አውቃለሁ ልጄ።

እኔ፦ ሦስት ወር ሙሉ አተኮሳት። ሦስት ጊዜ ዊዳል ተሠራላት፤ ሦስቱንም ጊዜ ፖዘቲቭ፤ ሦስት ጊዜ መድኃኒት። በየመድኃኒቱ መካከል ጥቂት ቀን ይሻላትና እኛም «ያዘላት» እንል ነበር። ክብደቷ ሲወርድ ታይፎይዱ ጎዳት አልን። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ወስደናት ሐኪሙ ወረቀቶቹን ሳያይ አዳመጣት፤ በሌሊት ያልብሽ እንደሆነ ጠየቃት። ቲቢ ነበር። ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን አንድ ሳንባዋ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ያን ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ዊዳል መሥራት እየተማርኩ። ፖዘቲቭ የሚለው ቃል ያስቆመብን ነገር ቢኖር ጥያቄውን ነው። «አለባት» ከተባለ በኋላ ሌላ የፈለገ ማንም አልነበረም። በየመንደሩ ያለ ምክንያት የሚዋጠው ሲፕሮ ደግሞ ባክቴሪያውን እያለማመደው ነው፤ እውነተኛው ታይፎይድ የመጣ ቀን መድኃኒቱ እንዳይሠራ ያደርጋል። እውነተኛው ታይፎይድ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ አንጀት ይበሳል፣ ይገድላል።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? እንዳልውጥ ትዪኛለሽ?

እኔ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይዋጡም አይዋጡም ልል አልችልም። ግን ጥቂት ልጠይቅዎ። ከአዲስ አበባ ወጥተው ነበር? ወባ ወዳለበት አገር?

ጋሼ፦ አልወጣሁም።

እኔ፦ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ?

እትዬ፦ ምነው፣ የልጅ ልጃችን ሳምንቱን ሙሉ ሲያስለው፣ ሲያነጥሰው አይደል የከረመው? ጋሼሽ አቅፈውት ነው የሚያድሩት። የኔም ጉሮሮ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ጋሼ፦ ይህን ክሊኒኩ ውስጥ የጠየቀኝ የለም። ካርድ አወጣሁ፣ ደም ስጥ አሉኝ፣ ሰጠሁ።

እኔ፦ የጎደለውን ቁጥር ይዘው የተቀመጡት እትዬ ናቸው። ከደምዎ ጠብታ ይልቅ ይህ ቃላቸው ብዙ ይናገራል። ሰኞ ጠዋት አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ዛሬም ሆነ ነገ ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ወይም ሆድዎን ካመመዎት፣ ሰኞን አንጠብቅም፤ ይደውሉልኝ። ሐኪሙን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ «ከምርመራው በፊት ምን ጠርጥረው ነበር? ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆንና ኔጌቲቭ ቢሆን የሚያደርጉት ይለያያል?» ካልተለያየ ደሙ ባይቀዳ ይሻላል። ታይፎይድ በእውነት ከጠረጠረ ደግሞ ካልቸር ይዘዝልዎ።

ጋሼ ጥያቄውን ከስሌታቸው ሥር ጻፉት። ሰኞ ሄድን። ሐኪሟ አዳመጠቻቸው፣ ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ ስለ ልጁ ሳል ጠየቀች፤ ሲፕሮውንም እንዳይጀምሩት ነገረቻቸው። በአራተኛው ቀን ጋሼ ደህና ነበሩ።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ወረቀቱ ላይ የበሽታ ስም አንጻፍ። ያየነው የተበተነ ጠብታ ነው፤ ያንኑ እንጻፍ፤ የትኛው አንቲጂን፣ በስንት መጠን፣ በስላይድ ነው ወይስ በቱቦ። ታይፎይድ ነው ማለት ታማሚውን የዳሰሰው ሰው ሥራ ነው። ለታማሚው ደግሞ፦ ለካልቸር የሚሆነው ደም የሚቀዳው የመጀመሪያዋ የሲፕሮ ክኒን ከመዋጧ በፊት ነው።